በጅግጅጋና በሰሜናዊ የሶማሌ ክልል ከተሞች የጓሮ አትክልት ልማት አጀማመር

የጓሮ አትክልት ልማት አንድ ቤተሰብ በመኖሪያ ግቢው ወይም ከቤቱ አጠገብ ባለ አነስተኛ ቦታ ላይ ለዕለት ምግቡ የሚውል አትክልት የሚያመርትበት ሥራ ነው። በጅግጅጋ፣ በቀብሪደሃርና በመሳሰሉት ደቡባዊ አካባቢዎች ያለው የአየር ጠባይ የተለያየ በመሆኑ፣ ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው የፋፈንና የሲቲ ዞኖችን፣ ማለትም ጅግጅጋን፣ ቀብሪበያህን፣ ቶጎ ውጫሌን፣ ሽንሌንና ኤረርን የመሳሰሉ ሰሜናዊ ከተሞችን ነው።

በእነዚህ ከተሞች ገበያ ላይ የሚቀርበው ብዙው አትክልት ከሐረርጌ ደጋማ አካባቢዎች በመኪና ተጭኖ የሚመጣ ነው። በዚህም ምክንያት አቅርቦቱ በጎደለ ጊዜ ዋጋው ይንራል፤ አነስተኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ በመጀመሪያ ከማዕዱ የሚቀንሰውም ቅጠላ ቅጠልን ነው። ሩዝ፣ ፓስታና ወተት በሚዘወተርበት ማዕድ ላይ ጎመን፣ ቆስጣና ካሮት መጨመሩ በተለይ ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች የቫይታሚን ኤ እና የብረት ንጥረ ነገር ምንጭ ይሆናል።

የአካባቢው የአየር ጠባይ

ጅግጅጋ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ አየሯ መለስተኛ ነው። ዝናብ የሚዘንበው በሁለት ወቅቶች ሲሆን፣ አንደኛው ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ግንቦት፣ ሁለተኛውና በሶማልኛ «ከረን» የሚባለው ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ የአትክልት ዕድገት ይዘገያል። ከዚያ የሚቀጥለው «ጅላል» የተባለው ደረቅ ወቅት የውሃ እጥረት የሚበረታበት ነው። ሽንሌና ኤረር ከጅግጅጋ በ500 ሜትር ገደማ ዝቅ ያሉ በመሆናቸው ሙቀታቸው ከፍ ያለ ነው፤ ስለዚህ የጅግጅጋ የመዝሪያ ጊዜ በቀጥታ አይሠራባቸውም።

ውሃ እና የመደብ ስፋት

ዘር ከመግዛት በፊት የውሃ ምንጭን መለየትና የመደቡን ስፋት በውሃው መጠን መወሰን ያስፈልጋል። በደረቅ ወቅት 1 ካሬ ሜትር መደብ በቀን 5 ሊትር ገደማ ውሃ ይፈልጋል። በዚህ ስሌት 10 ካሬ ሜትር መደብ በቀን 50 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር ሁለት ጀሪካን ተኩል ይወስዳል። ውሃ በጋሪ ወይም በቦቴ ገዝቶ የሚጠቀም ቤተሰብ ይህን ወጪ አትክልት ለመግዣ ከሚያወጣው ጋር አስቀድሞ ማነጻጸር ይኖርበታል። ወጪው የሚበልጥ ከሆነ በዝናብ ወቅት ብቻ ማምረት ወይም መደቡን ወደ 3 ካሬ ሜትር ዝቅ ማድረግ ይመረጣል።

የጣሪያ ውሃ ማጠራቀም የወጪውን ጫና ያቃልላል። በ1 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ የሚዘንብ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። 40 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያለው ቤት 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢያገኝ፣ የሚባክነው ሲቀነስ 640 ሊትር ያህል ይሰበስባል። እንዲህ ያሉ ሦስት ዝናቦች ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ለመሙላት ይቃረባሉ፤ የሞላ ሮቶም 10 ካሬ ሜትር መደብን ለ40 ቀናት ያጠጣል። የሮቶው አፍ ሕፃናት እንዳይገቡበትና ትንኝ እንዳይራባበት ዘወትር መከደን አለበት።

የቦታ መረጣና የአፈር ዝግጅት

ቦታው በቀን ቢያንስ ለ6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ፣ ከመጸዳጃ ቤት የራቀ፣ ለውሃ ማጠራቀሚያ የቀረበ ይሁን። ፍየሎች በአንድ ሌሊት የወራት ልፋትን ሊያጠፉ ስለሚችሉ አጥር ከመደቡ በፊት መሠራት አለበት። አጥሩ በጅግጅጋ ሜዳ ላይ የሚበረታውን ነፋስም ይከላከላል።

በጅግጅጋ ሜዳ የሚገኘው ጥቁር የሸክላ አፈር በዝናብ ጊዜ ውሃ ያቁራል፤ ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በዝናብ ወቅት መደቡን 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ማድረግ ተገቢ ነው። አሸዋማ በሆኑና ዝናብ በሚያንሳቸው ቦታዎች ግን መደቡ በዚያው መጠን ዝቅ ብሎ ቢሠራ ውሃን ይይዛል። በሁለቱም የአፈር ዓይነቶች በ1 ካሬ ሜትር 3 ኪሎ ግራም ያህል በደንብ የተብላላ የፍየል፣ የበግ፣ የከብት ወይም የግመል ፍግ መቀላቀል ይመከራል። ያልተብላላ ፍግ ሥርን ያቃጥላል፤ የአረም ዘርም ያሰራጫል።

ግቢ የሌላቸው ነዋሪዎች በጆንያ ማምረት ይችላሉ። ሦስት እጅ አፈርና አንድ እጅ ብስባሽ ተቀላቅሎ በጆንያው ይሞላል። ውሃ እስከ ታች እንዲደርስ በመካከሉ ጠጠር ይደረግለታል። ከዚያም በጎንና በጎኑ ቀዳዳዎች ተበጅተው የቆስጣ ወይም የጎመን ችግኝ ይተከልባቸዋል።

የአትክልት ምርጫና የመዝሪያ ጊዜ

ለጀማሪዎች ቆስጣ፣ ጎመንና ሰላጣ ይመከራሉ። ሰላጣ ከ45 እስከ 60 ቀናት ውስጥ ይደርሳል። ቆስጣና ጎመን ከሁለት ወር ገደማ ጀምሮ የውጭ ቅጠላቸው እየተቀነጠሰ ለወራት ይበላሉ። ካሮትና ቀይ ሥር በቀጥታ በመደቡ ላይ ይዘራሉ፤ ካሮት ሦስት ወር ያህል ይፈልጋል። ቲማቲም፣ ቃሪያና ሽንኩርት በመጀመሪያ በችግኝ መደብ ይፈላሉ። የቲማቲም ችግኝ ከ30 እስከ 35 ቀናት፣ የሽንኩርት ከ45 እስከ 55 ቀናት ሲሞላው ይዛወራል።

• በጅግጅጋ፣ በቀብሪበያህና በቶጎ ውጫሌ፦ ቅጠላ ቅጠል፣ ካሮትና ቀይ ሥር በሁለቱ ዝናቦች መግቢያ ላይ ይዘራሉ። ቲማቲም በነሐሴ መጨረሻ ቢፈላ ፍሬው የሚይዘው ዝናቡ ካቆመ በኋላ ስለሚሆን የቅጠል ዋግ ጉዳት ይቀንሳል።
• በሽንሌና በኤረር፦ ሰላጣ፣ ካሮትና ቲማቲም ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ቀዝቀዝ ያለ ጊዜ ይለማሉ። በሞቃቱ ወራት ሙቀቱ የቲማቲም አበባን ስለሚያረግፍ ባሚያና ሽፈራው ይመረጣሉ።

እንክብካቤና የተባይ መከላከል

ውሃ ማጠጣት ያለበት ማለዳ ወይም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሲሆን፣ ውሃው በቅጠሉ ላይ ሳይሆን በሥሩ ላይ መፍሰስ ይኖርበታል። የደረቀ ሣር ወይም ገለባ በመደቡ ላይ ማልበስ ትነትን ይቀንሳል። ክሽክሽ በጎመን ላይ ሲታይ በእጅ ማስወገድ ወይም በሳሙና ውሃ መርጨት ይቻላል። የቲማቲም ቅጠልን የሚሰረስር ትል የታየበት ቅጠል ተቀንጥሶ መቃጠል አለበት። ቲማቲም፣ ቃሪያና ድንች የአንድ ቤተሰብ ተክሎች በመሆናቸው በአንድ መደብ ላይ ተከታትለው አይተከሉም።

የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ፀረ ተባይ ኬሚካሎች አስቀድመው እንዲመዘገቡ ደንግጓል። ስለዚህ መለያ ጽሑፍ የሌለውን ወይም በሌላ ዕቃ ተገልብጦ የሚሸጥን ኬሚካል መግዛት አይገባም። ኬሚካል መርጨት ግድ ሲሆን ከመጨረሻው ርጭት እስከ ምርት መሰብሰቢያ ድረስ በመለያው ላይ የተጻፈው የቀናት ብዛት መጠበቅ አለበት።

የጤና ጥንቃቄ

የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ የገባበት ውሃ ለጓሮ አትክልት መዋል የለበትም፤ አተትና የአንጀት ጥገኛ ትላትሎችን ያስተላልፋል። ሳሙና ያልበዛበት የዕቃ ማለቅለቂያ ውሃ ለፓፓያና ለመሳሰሉት ዛፎች ሊውል ይችላል፤ በጥሬው በሚበላ ቅጠል ላይ ግን አይፈስስም። ሰላጣና ቲማቲም ከመበላታቸው በፊት በንጹሕ ውሃ በሚገባ መታጠብ አለባቸው።

አገልግሎት ለማግኘት

የምክር አገልግሎት የሚፈልጉ ነዋሪዎች በሚኖሩበት ወረዳ ወይም ከተማ አስተዳደር ለሚገኘው የግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም በቀበሌ ለተመደበው የልማት ሠራተኛ ማመልከት ይችላሉ። ለማመልከት ሲቀርቡ የቦታውን ስፋት፣ የውሃውን ምንጭና በቀን የሚገኘውን የውሃ መጠን፣ የአፈሩን ዓይነት እንዲሁም ማምረት የሚፈልጉትን አትክልት ለይተው ቢያስረዱ ተገቢውን ምክር ለማግኘት ይረዳል። የታመመ ተክል ካለ ቅጠሉን በወረቀት ጠቅልሎ ይዞ መቅረብ ይመረጣል። ዘር ሲገዙ የታሸገ መሆኑን፣ የዝርያውን ስምና የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜውን ማረጋገጥ የገዢው ኃላፊነት ነው።