ከባዶ ሳጥን እስከ ጦማር፦ ፊደላችን ኮምፒዩተር ውስጥ እንዴት ገባ?

ዛሬም ከሃዳር ጋኒም ነኝ፤ ፔታህ ቲክቫ፣ አያቴ ሳሎን ውስጥ። ከኋላዬ የሲኒ ድምፅ ከሰማችሁ አያቴ ቡና እያፈላች ነው። ለአያቴ "ጸጥ በይ፣ እየቀረጽኩ ነው" ማለት አይቻልም፤ ስለዚህ ታገሡን።

የዛሬው ታሪክ የሚጀምረው ሥራ ቦታ ነው። አንዳንዶቻችሁ እንደምታውቁት ከትምህርቴ ጎን በሳምንት ሁለት ቀን አንድ የሀይቴክ ድርጅት ውስጥ ሶፍትዌር እፈትሻለሁ። ፕሮግራመሮቹ የሠሩትን እነካካለሁ፣ የሚበላሽበትን ቦታ እፈልጋለሁ፣ አገኘሁ ብዬ እጽፋለሁ፤ በቃ ይሄ ነው። አንድ ቀን የመመዝገቢያ ቅጽ ስፈትሽ፣ ስም በሚሞላበት ቦታ ላይ ስሜን በአማርኛ ፊደል ጻፍኩ። የመጣልኝ ግን ስሜ አይደለም። ባዶ ሳጥኖች ተደርድረው መጡ።

አጠገቤ የሚሠራው ልጅ አየና "ይሄ ቋንቋ ኮምፒዩተር ላይ አለ እንዴ?" አለኝ። በክፋት አይደለም፤ እውነት ስላላወቀ ነው። "አለ እንጂ" አልኩት። "ከመቼ ጀምሮ?" አለኝ። እዚህ ላይ ዝም አልኩ። እኔም አላውቅማ! ፊደሉ ስልኬ ላይ ስለማገኘው ሁሌም እዚያ የነበረ ይመስለኝ ነበር።

እሺ፣ እንጀምር። ነገሩ ከኮምፒዩተር በፊት ነው የሚነሣው።

የጽሕፈት መኪና አይታችሁ ታውቃላችሁ? አርባ ምናምን ቁልፍ ነው ያለው። ዕብራይስጥ 22 ፊደል አለው፤ በቃል መጨረሻ መልካቸውን የሚለውጡት 5ቱ ሲጨመሩ 27 ይሆናል። ይበቃዋል። የእኛ ግን ከ"ሀ" እስከ "ፐ" 33 ቤት ነው፤ እያንዳንዱ ሰባት መልክ አለው። 33 በ7 ሲባዛ 231። እነ ሏ፣ ቋ፣ ኳ፣ ነጥቦቹ፣ የግዕዝ ቁጥሮቹ ሲጨመሩ ከ300 ያልፋል። ይሄን ሁሉ አርባ ቁልፍ ላይ የት ታስቀምጡታላችሁ?

ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ኢንጂነር አያና ብሩ የሚባሉ ሰው ይህን ጥያቄ ይዘው ለዓመታት ደክመዋል። የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲነሣ ስማቸው አብሮ ይነሣል። መፍትሔው ፊደሉን መቆራረጥ ነበር፤ ዋናውን አካል ለብቻ፣ ቅጥያውን ለብቻ መትቶ ማገጣጠም። ይሠራል፤ ግን የፊደሉ መልክ ይጣመማል። በዚያው ዘመን "ለምን ፊደሉን ራሱን አንቀንስም?" የሚሉ ምሁራንም ተነሥተው ነበር። አያችሁ? መኪናው ሲጠብ፣ መኪናውን ከማስፋት ፊደሉን መቁረጥ ለሰው ይቀለዋል። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ እንመለስበታለን።

ከዚያ ኮምፒዩተር መጣ። የድሮው ኮምፒዩተር ለፊደላት የነበረው ቦታ 256 ብቻ ነው፤ ግማሹን እንግሊዝኛ ይዞታል። ዕብራይስጥ በቀሪው ቦታ ገባ። አማርኛ አልገባም።

አሁን ጊዜውን አስቡት፤ 1980ዎቹ ነው። የእኛ ሰዎች በሱዳን በኩል በእግር እየመጡ ነው። አያቴ በዘመቻ ሙሴ ጊዜ ከገቡት ናት፤ ስለ መንገዱ ብዙ አታወራም፣ እኔም አልጨቀጭቃትም። በእነዚያው ዓመታት ሌሎች ኢትዮጵያውያን አሜሪካ ውስጥ ከሥራ ሲመለሱ ማታ ማታ ፊደል ይሥሉ ነበር። ካሊፎርኒያ ውስጥ ፍስሐ አጥላው የሚባል መሐንዲስ ዳሸን ኢንጂነሪንግ በሚል ስም ከመጀመሪያዎቹ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች አንዱን ሠራ። ኮሎራዶ ውስጥ ደግሞ ዶክተር አበራ ሞላ የራሳቸውን ሠሩ። እሳቸው እኮ በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም ናቸው! ማን ቀደመ የሚለው ክርክር እስካሁን አልበረደም፤ እኔ አልገባበትም። እኔን የገረመኝ፣ ይህን ሥራ መጀመሪያ የያዙት ትልልቅ ኩባንያዎች አለመሆናቸው ነው። ከአገር ርቀው፣ ለእናታቸው በፊደላቸው ደብዳቤ መጻፍ ያልቻሉ ሰዎች ናቸው።

ግን ሌላ ችግር መጣ። እያንዳንዱ ሰው ፊደሎቹን በራሱ ቅደም ተከተል አስቀመጠ። በአንዱ ፕሮግራም የጻፍከው በሌላው ሲከፈት ዝብርቅርቅ ይሆናል። ኢንተርኔት ሲመጣማ ባሰ፤ የአማርኛ ጽሑፍ ለማውጣት እንደ ፎቶ ማውጣት የተለመደ ነበር። ፎቶ ውስጥ ያለ ቃል ደግሞ አይፈለግም፣ አይቀዳም፣ አይታረምም።

በ1990ዎቹ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ አማርኛን በላቲን ፊደል በወጥ ሕግ የመጻፊያ ዘዴ አዘጋጁ፤ ሴራ ይባላል። ለምሳሌ ትንሹ የላቲን "ቲ" ለ"ተ" ቤት፣ ትልቁ ለ"ጠ" ቤት። እኛ ዛሬ በዋትሳፕ አማርኛን በላቲን ስንጽፍ እኮ ይህን ነው የምናደርገው፤ ልዩነቱ እነሱ ሕግ ነበራቸው፣ እኛ የለንም።

ዋናው ለውጥ የመጣው በ1999 ነው። የዓለምን ፊደላት ሁሉ በአንድ መዝገብ ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ፣ ሦስተኛው እትሙ ላይ የእኛን ፊደል አስገባ፤ 345 ምልክቶች። ከዚያ ወዲህ "ሀ" በዓለም ሁሉ አንድ ቁጥር አላት። ቢሆንም ቁጥር መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ኮምፒዩተሩ መልኩንም ማወቅ አለበት። ዊንዶውስ ኒያላ የተባለውን የአማርኛ ፎንት ከራሱ ጋር ይዞ የመጣው በ2007፣ በቪስታ ነው። የኔ ባዶ ሳጥኖችም ትርጉማቸው ይኸው ነው፤ ኮምፒዩተሩ ቁጥሩን ያውቃል፣ ፊደሉን መሣል ግን አይችልም።

እሺ፣ ፊደሉ ገባ። ማን ጻፈበት?

ብሎግ በአማርኛ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ? ጦማር። አዲስ የተፈጠረ ቃል እንዳይመስላችሁ። ጦማር የግዕዝ ቃል ነው፤ ደብዳቤ፣ ጥቅልል ጽሑፍ ማለት ነው፤ ወደ ግዕዝ የገባውም ከግሪክ ነው። ግዕዝ ደግሞ ለእኛ ሩቅ አይደለም፤ ቄሶቻችን ኦሪትን በብራና ላይ ያነበቡት በዚሁ ቋንቋና በዚሁ ፊደል ነው።

በ2012 አዲስ አበባ ውስጥ ጥቂት ወጣቶች "ዞን 9" የሚል ጦማር ከፈቱ። የቃሊቲ እስር ቤት ስምንት ዞኖች ነበሩት፤ ዘጠነኛው ዞን ከግቢው ውጭ ያለው አገር ነው ማለታቸው ነበር። መፈክራቸው "ስለሚያገባን እንጦምራለን" የሚል ነው። ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ እስረኞች፣ ስለ መናገር መብት ይጽፉ ነበር። ጦማሩ ኢትዮጵያ ውስጥ ቶሎ ተዘጋ፤ እነሱ ግን በፌስቡክ ቀጠሉ።

ኤፕሪል 2014 ላይ ስድስቱ ጦማርያን፣ በፍቃዱ፣ ማህሌት፣ ዘላለም፣ ናትናኤል፣ አቤልና አጥናፍ፣ ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር ታሰሩ። በጸረ ሽብር ሕጉ ተከሰሱ። ማስረጃ ተብለው ከቀረቡት ነገሮች አንዱ ምን መሰላችሁ? ኢሜይልንና ኮምፒዩተርን ከሰላዮች እንዴት መጠበቅ እንደሚቻል የሚያስተምር መመሪያ! እኔ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነጥብ የሚሰጠኝ ትምህርት ነው ይሄ። ጁላይ 2015 ላይ የማህሌት፣ የዘላለምና የሦስቱ ጋዜጠኞች ክስ ተነሣ፤ ኦባማ አዲስ አበባ ከመግባታቸው ጥቂት ሳምንታት በፊት ነው። የቀሩት በኦክቶበር ከሽብር ክሱ ነጻ ወጡ። ከአንድ ዓመት በላይ፣ ለጻፉት ጽሑፍ።

በዚያው በ2015፣ ኤፕሪል መጨረሻ ላይ፣ እዚህ በእኛ በኩል ምን እንደሆነ ታስታውሳላችሁ። ሆሎን ውስጥ ዩኒፎርም የለበሰ የእኛ ልጅ፣ ወታደር፣ በፖሊስ ሲደበደብ በካሜራ ታየ። ቪዲዮው ከስልክ ወደ ስልክ ዞረ፤ በቀናት ውስጥ ኢየሩሳሌምና ቴል አቪቭ ጎዳና ላይ ነበርን። እኔ ገና ልጅ ነኝ፤ ያየሁት በታላቅ እህቴ ስልክ ነው። የተጻፈው ሁሉ በዕብራይስጥ ነበር፤ ልክም ነው፣ መስማት ያለበት መንግሥት በዕብራይስጥ ነው የሚሰማው። ግን አያቴ እዚሁ ሶፋ ላይ ተቀምጣ "ምን ይላል? ምን ተባለ?" ትለን ነበር። እኛ ደግሞ "ቆይ፣ በኋላ እንነግርሻለን።" ያ "በኋላ" እስካሁን ይቆጨኛል። ስለ እሷ የልጅ ልጆች የተጻፈውን ነገር እሷ ብቻ አልሰማችውም።

ታሪኩን ግን አላሳምረው። ፊደል መሣሪያ ነው፤ ለክፉም ይሆናል። በ2021 የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ማዕረግ አማረ፣ ስማቸውና ፎቷቸው በፌስቡክ የጥላቻ ጽሑፎች ላይ ከወጣ በኋላ በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸው ጽሑፎቹ እንዲነሡ አስቀድሞ ማመልከቱን ይናገራል። በ2022 ናይሮቢ ውስጥ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ከሰሰ፤ በ2025 ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ማየት እችላለሁ ብሎ ወሰነ። ክሱ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ የአገሩን ቋንቋዎች የሚያነቡ በቂ ተቆጣጣሪዎች እንዲቀጠሩ ነው። እንደ ጽሕፈት መኪናው ማለት ነው፤ መኪናው በእኛ ልክ ሳይሰፋ ነው የተሰጠን። የመጀመሪያው ጊዜ ፊደል አጣመመ፤ አሁን ግን ሰው ይሞታል።

እና እኛስ? ብዙዎቻችን አማርኛ እንናገራለን፣ ፊደሉን ግን አንነካውም። ወይ ድምፅ እንልካለን፣ ወይ በላቲን፣ ወይ በዕብራይስጥ ፊደል። አልፈርድም፤ እኔም እንዲሁ ነበርኩ። ግን ጉግል ትርጉም አማርኛን በ2016 ሲጨምር የተማረው ሰዎች ከጻፉት ነው። እነዚህ ማሽኖች ያልተጻፈ ነገር አያውቁም። የጎንደር ለዛ ያለው፣ መሐል ላይ ዕብራይስጥ የሚገባበት፣ የእኛ ቤት አማርኛ በጽሑፍ የት አለ? እኛ ካልጻፍነው ማን ይጻፈው?

ረሖቮት የሚኖር አጎት አለኝ። በቤተሰባችን የዋትሳፕ ቡድን ውስጥ በፊደል የሚጽፈው እሱ ብቻ ነው። ባለፈው ለሲግድ መልካም ምኞት ሲልክ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በፊደል መለስኩለት፦ "እኔም ደና ነኝ አጎቴ።" አሥር ደቂቃ ፈጀብኝ። ወዲያው የድምፅ መልእክት መጣ፤ እየሳቀ "ልጄ፣ 'ደህና' ውስጥ 'ህ' አለች፤ አትዋጫት!" አለኝ። አያቴ ሳቁን ሰምታ ከማጀት ወጣች። "ምን ጻፍሽለት?" አለችኝ። አነበብኩላት። "ድገሚው" አለች። ደገምኩላት።

የሥራ ቦታው ስህተት "አስቸኳይ ያልሆነ" ተብሎ ወረፋው መጨረሻ ላይ ተቀምጧል። በየሳምንቱ ከፍቼ አየዋለሁ፤ እስከ ዛሬ ሳጥን ነው። ለዚያ ልጅ ግን መልሱን ነግሬዋለሁ፦ ከ1999 ጀምሮ።

ለዛሬ ይህን ያህል። ቡናው ደርሷል። በሚቀጥለው እስክንገናኝ ደህና ሁኑ፤ "ህ"ዋን ሳልውጥ።