በድኝ በር የምትገባ ጨረቃ

እ.ኤ.አ. በ1817 ስዊድን ውስጥ፣ ግሪፕስሆልም በነበረ የሰልፈሪክ አሲድ ፋብሪካ፣ ቀላ ያለ ዝቃጭ ተገኘ። ፋብሪካው የሚጠቀምበት ድኝ የሚመጣው ከፋሉን የመዳብ ማውጫ ነበር። ዝቃጩን የመረመሩት ኬሚስቶች ይንስ ያኮብ በርሴሊየስና ዮሐን ጎትሊብ ጋን መጀመሪያ ቴሉሪየም መሰላቸው። ለቴሉሪየም ስሙን ያወጣለት ኬሚስቱ ክላፕሮት ሲሆን፣ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1798 ነው፤ በላቲን «ቴሉስ» ምድር ማለት ነው። በርሴሊየስ የያዘው ነገር ሌላ ንጥረ ነገር መሆኑን ሲረዳ፣ መልኩም ጠባዩም ቴሉሪየምን ይመስላልና ከምድር አጠገብ ጨረቃን አኖረ። የግሪኮቹን «ሴሌኔ» ወስዶ ሰሊኒየም አለው።

ስሙ ያምራል፤ ዋናውን ዝምድና ግን ይሸፍናል። ሰሊኒየም የድኝ የቅርብ ዘመድ ነው፤ የተገኘውም ከድኝ ጋር ተደባልቆ ነው። ይህን ዝምድና የሰላጣ ሥር አሳምሮ ያውቀዋል። ሶዲየም ሰሊኔት የተባለው ጨው ሰላጣው በሚያድግበት ውኃ ውስጥ ሲሟሟ፣ ሥሩ የድኝ ውህድ የሆነውን ሰልፌት በሚያስገባበት በር ተቀብሎ ወደ ቅጠል ይሰደዋል። ሌላው ዓይነት፣ ሰሊናይት፣ በአብዛኛው ሥር ላይ ይቀራል። ለዚህ ነው ቅጠሉን ማበልጸግ የሚፈልግ አብቃይ የመጀመሪያውን የሚመርጠው። መጠኑ ሲያልፍ ግን ሰሊኒየም በፕሮቲን ውስጥ የድኝን ቦታ ይነጥቃል፤ ሰላጣውም ይቀጭጫል። ስለዚህ አንዱን ማዕድን ሲያበለጽጉ የሌሎቹንም መጠን መለካት ግድ ነው።

ሰላጣ ራሱ በስሙ ጨው ይዟል። ቃሉ ከጣልያንኛው «ኢንሳላታ» ጋር አንድ ዘር ነው፤ ጨው የገባበት ማለት ነው። ሮማውያን ተክሉን የጠሩት ግን «ላክቱካ» ብለው፣ ከወተት ነው። ግንዱን የሰበረ ሰው ነጩን ፈሳሽ አይቶ ምክንያቱን ያውቃል።

ሰላጣን እንዲህ ያለ አፈር በውኃ ማብቀል ሃይድሮፖኒክስ ይባላል፤ ቃሉን ያስተዋወቀው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ዊልያም ገሪክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1937። «ሃይዶር» ውኃ፣ «ፖኖስ» ልፋት ነው። ቃሉ የተቀረጸው የጥንቶቹ ግሪኮች እርሻን «የምድር ልፋት» ይሉት በነበረው አምሳል ነው። የእኛ ግብርና ግን «ገብረ»፣ ማለትም ሠራ፣ ከሚለው የወጣ ስለሆነ አፈርን ስሙ ውስጥ አላስገባም። በውኃ የሚለፋውንም ያለ ችግር ያቅፋል፤ ይህ ሰፊነቱ ደስ ይለኛል።

ማዕድንና ማዕድም ወንድማማች ይመስላሉ፤ አይደሉም። ማዕድን ከዐረብኛው «መዕዲን» የመጣ ነው። ማዕድ ግን በግእዝ የኖረ ቃል ሲሆን፣ የሴም ቋንቋ ሊቃውንት በቁርኣን አምስተኛ ሱራ ስም የሚገኘው «ማኢዳ» ከእርሱ እንደተወሰደ ጽፈዋል።

ማዕድን ከማዕድ የሚደርሰው በአብዛኛው በአፈር በኩል ነው። በኢትዮጵያና በማላዊ እህል ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2021 በኔቸር መጽሔት የወጣ ጥናት፣ የእህሉ ሰሊኒየም እንደ በቀለበት ቦታ በእጅጉ እንደሚለያይ አሳይቷል። ፊንላንድ በአፈሯ ላይ ያለውን እጥረት አይታ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሰሊኔትን ከማዳበሪያ ጋር ትቀላቅላለች። አፈር በሌለበት የውኃ እርሻ ደግሞ ቅጠሉ የሚያገኘው አብቃዩ የጨመረውንና ውኃው ይዞት የመጣውን ጥቂት ብቻ ነው። በአሜሪካ መመሪያ ለአዋቂ ሰው የሚመከረው ሰሊኒየም በቀን 55 ማይክሮግራም ሲሆን፣ ከ400 እንዳያልፍ ይመከራል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ስለሆነ የሚጨመረው ጨው በጥንቃቄ ይመዘናል።