ሼሻክ እና ሌብ ቃማይ፦ አንድ ቁልፍ ለሁለት ስሞች



በትንቢተ ኤርምያስ 25፥26 የአሕዛብ ነገሥታት በየተራ ከተዘረዘሩ በኋላ በመጨረሻ «የሼሻክ ንጉሥ» ይነሣል። በ51፥1 ደግሞ ዕብራይስጡ «በሌብ ቃማይ የሚኖሩ» ይላል፤ ሌብ ቃማይ በቀጥታ ሲተረጐም «የሚነሡብኝ ሰዎች ልብ» ነው። በልብ ውስጥ የሚኖር ሕዝብ ማን ነው? ሼሻክስ ወዴት ናት?

መልሱ የሚገኘው አትባሽ በተባለው የፊደል መተካት ስልት ነው። 22ቱ የዕብራይስጥ ፊደላት ከሁለቱም ጫፍ ይጣመራሉ፦ የመጀመሪያው አሌፍ ከመጨረሻው ታው፣ ሁለተኛው ቤት በዳዊታችን ሳን ከሚባለው ሺን፣ ዳሌጥ ከቆፍ፣ ዮድ ከሜም፣ ካፍ ከላሜድ። በዚህ መሠረት ሺን፣ ሺን፣ ካፍ ተተክተው ቤት፣ ቤት፣ ላሜድ ይሆናሉ፤ ባቤል፣ ማለትም ባቢሎን። ላሜድ፣ ቤት፣ ቆፍ፣ ሜም፣ ዮድም ካፍ፣ ሺን፣ ዳሌጥ፣ ዮድ፣ ሜም ይሆናሉ፤ ካስዲም፣ ማለትም ከለዳውያን።

ይሁን እንጂ የታሪክ ተማሪ እዚህ ላይ ሊረካ አይገባውም። ቁልፉን እንደ ፈቃዳችን ካበጀነው፣ አምስት የተለያዩ ፊደላት ያሉት ቃል አምስት የተለያዩ ፊደላት ወዳሉት ወደ ማናቸውም ሌላ ቃል ይፈታል። አል ኪንዲ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስተማረው የፊደላትን ድግግሞሽ የመቁጠር ዘዴም ረጅም ጽሑፍ ስለሚሻ አይረዳንም። ስለዚህ የተፈታው ቃል ትርጉም መስጠቱ ብቻውን ማስረጃ አይደለም።

ፍቺውን የሚያጸኑት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ ቁልፉ ለእነዚህ ቃላት ተብሎ የተበጀ አይደለም፤ የፊደሉ ተራ ራሱ ነው። ሁለተኛ፣ ያው ቁልፍ ሳይለወጥ ሁለቱንም ስሞች ይከፍታል። ሦስተኛ፣ ዐውዱ ይመሰክራል፦ በ51፥41 ሼሻክ እና ባቢሎን በአንድ ቁጥር ጐን ለጐን ተጠርተዋል፤ በሌብ ቃማይ ፈንታም የሰብዓ ሊቃናት የግሪክ ትርጉም በግልጽ «ከለዳውያን» ይላል።

ይህ ሦስተኛው ማስረጃ ግን ሌላ ጥያቄ ይወልዳል። ስሙ የተሰወረው ባቢሎንን በመፍራት ነው የሚሉ አሉ። ነገር ግን በ51፥1ም በ51፥41ም ባቢሎን በስሟ ተጠርታለች፤ ታዲያ ምን የሚሸሸግ ቀረ? በእኔ አስተያየት ስልቱ በእነዚህ ስፍራዎች የሚያገለግለው ለመደበቅ ሳይሆን ለመክሰስ ነው። የወራሪው ሕዝብ ስም ሲገለበጥ «የሚነሡብኝ ልብ» ሆኖ ይነበባል፤ ክሱ ከስሙ ውስጥ ይወጣል። ሰምና ወርቅ የለመደ ጆሮ ይህን አይስተውም።

እናንተም ምስጢራዊ ሐረግ ሲገጥማችሁ፣ ያገኛችሁት ቁልፍ ሌላ ቃል መክፈት አለመክፈቱን ሳትፈትኑ ፈታሁት አትበሉ።