መንጠቆ ወይስ መረብ?

ሶደሬ ሲባል አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን ፍል ውሃው፣ መዋኛ ገንዳውና ምሳ ነጥቀው የሚሮጡት ጦጣዎች ናቸው። አጠገቡ የሚፈሰውን አዋሽ ልብ ብሎ የሚያየው መንጠቆ የያዘ ሰው ነው። ዛሬ ስለዚያ መንጠቆ ልናወጋችሁ ነው፤ «ጥሩ ማጥመጃ የቱ ነው?» የሚለው ጥያቄ እኛም አገር ታሪክ አለውና።

አሜሪካኖች «ባስ» ለሚሉት አሳ ብቻ ስንት ዓይነት ዘንግና ክር ሲያማርጡ ይውላሉ። ባስ ለመዝናኛ ተብሎ ጎረቤታችን ኬንያ፣ ናይቫሻ ሐይቅ ድረስ ተወስዷል። የአዋሽ ነዋሪዎች ግን ሌሎች ናቸው፤ አምባዛ፣ ቆሮሶ፣ ካርፕ። ከሶደሬ በላይ ያለው የቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ ሲጀምርም ከመብራቱ ጋር አሳ የሚሰገርበት ሰፊ ሐይቅ አስገኘልን።

ድሮ መሣሪያው ቀላል ነበር። የጣና ወይጦዎች ከደንገል በሠሩት ታንኳ የሐይቁን ዳር ዳር ይዘው ያሰግሩ ነበር። ወንዝ ላይ ደግሞ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃው ውስጥ መጨመር የቆየ ዘዴ ነው። ብርብራ ታዲያ ትልቅ ትንሽ አይልም፤ ያገኘውን ሁሉ ይመርዛል።

ከዚያ ናይለን መጣ። የአሜሪካው ዱፖንት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1938 ይፋ ያደረገው ይህ ክር እንደ ጥጥ አይበሰብስም። ጣና ላይ የናይለን መረብና ሞተር ጀልባ በብዛት የገቡት እ.ኤ.አ. በ1986 በተጀመረ፣ ከኔዘርላንድስ እርዳታ ባገኘ ፕሮጀክት ነው። አስጋሪው ወደ መሀል ሐይቅ ዘለቀ፤ ገቢም አገኘ። ችግሩ ግን ላቢዮባርበስ የሚባሉት የጣና አሳዎች ብዙዎቹ በክረምት እንቁላል ለመጣል ወደ ገባር ወንዞች ይወጣሉ፤ መረቡም ወንዙ አፍ ላይ ይጠብቃቸው ጀመር። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ የእነዚህ አሳዎች ምርት በክብደት በ75 በመቶ ያህል ወረደ።

ወሳኙ የመረቡ ዓይን ስፋት ነው። ሰፊ ከሆነ ትንሹን አሳልፎ ትልቁን ይይዛል፤ ከጠበበ አንዴም እንቁላል ያልጣለውን ጭምር ያፍሳል። በኋላ የመጣው ከነጠላ የናይለን ክር የሚሠራው መረብ ደግሞ ርካሽ ነው፣ ውሃ ውስጥ አይታይም፣ ቶሎ ይቀደዳል። ተቀዶ ውሃ ውስጥ የቀረውም ባለቤት ሳይኖረው አሳ መያዙን ይቀጥላል።

መንግሥት የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315ን ያወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ግን ጣና ብዙ አጥቶ ነበር። ቆቃና ዝዋይም ከዚህ ቢማሩ መልካም ነው፤ አምባዛውም ቆሮሶውም ነገ እንዲገኝ ዛሬ ትንሹ ማምለጥ አለበትና።

እንግዲህ ለአዋሽ ዕቃ የምትገዙ ወዳጆቻችን፣ ምክራችን አጭር ናት። መንጠቆው ተለቅ ይበል፤ ትንሽ አሳ አፉ ውስጥ አይገባለትም። ክሩ ጠንካራ ይሁን፤ አምባዛ ጉልበተኛ ነው። ወራጅ ውሃ ስለሆነ ማስመጫ እርሳስ አትርሱ። ትል ከዳር ቆፍራችሁ ታገኛላችሁ። ትንሽ ከያዛችሁ ቶሎ መልሱት። ከውሃው ጠርዝም ራቅ በሉ፤ አዋሽ ውስጥ አዞም አለ፣ እሱ ደግሞ ያለ መንጠቆ ነው የሚያጠምደው!