የበሬ ኪራይ ትክክለኛ ዋጋው ስንት ነው?

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ሲነሣ ሁሉም የሚያስታውሰው «መሬት ለአራሹ» የሚለውን ነው። አዋጁ ግን ስለ በሬም ይናገር ነበር። ጭሰኛው የባለመሬቱን የእርሻ ዕቃና እስከ አንድ ጥማድ በሬ ይዞ እንዲቀር ፈቅዶ፣ ካሳውን በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲከፍል አዘዘ። በእጁ የባለመሬት በሬ ያልነበረው ጭሰኛ ከዚህ ያገኘው ነገር የለም።

በሐይቅና በአምባሰል ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። አዋጁ የወጣው ወሎ ከ1966ቱ ረሃብ ገና ሳያገግም ነው። በረሃብ ጊዜ በሬ ወይ በርካሽ ይሸጣል ወይ ይሞታል፤ ዝናቡ ሲመለስ መሬቱ አለ፣ ሞፈሩን የሚጎትተው የለም። (በ1880ዎቹ ክፉ ቀንም አገሩን ያራቆተው ከከብት በሽታ የጀመረ መዓት ነበር።) በ1970ዎቹ በደጋማው የአገራችን ክፍል ከገበሬው ሲሶ ያህሉ በሬ አልነበረውም፤ ሌላው ሲሶ ያህል ያለው አንድ ብቻ ነበር።

ባለ አንድ በሬው መላ አያጣም። ከጎረቤቱ በሬ ጋር አጣምሮ በየተራ ያርሳል፤ መከናጆ ይባላል። ጭራሽ የሌለው ግን በእህል ወይም በጉልበት ይከራያል። በብዙ ቦታ ጥማድ በሬ ለዋለለት አንድ ቀን እሱ ሁለት ቀን ለባለበሬው ይሠራል። ይህ ብዝበዛ ነው ለማለት ያስቸግራል። በጋውን ሙሉ ድርቆሽና ጭድ ያቀረበው ባለበሬው ነው፤ በሬው ገደል ቢገባም ጉዳቱ የእሱ ነው።

ግፉ ያለው ተራው ላይ ነው። ባለበሬው መጀመሪያ የራሱን ያርሳል፤ ተከራዩ የሚደርሰው እርጥበቱ ካለፈ በኋላ ነው። ዝናቡ ዘግይቶ ገብቶ ቀድሞ በሚወጣበት አገር፣ ዘግይቶ የተዘራ ማሳ ፍሬ ሳይቋጥር ይደርቃል። ተከራዩ እንግዲህ ሁለት ጊዜ ከፈለ፤ አንዴ በጉልበቱ፣ አንዴ በአውድማው። ተራው ኋላ የሆነበት ሰው ኪራዩ ሊቀነስለት በተገባ ነበር።

ከሁሉ የባሰባት ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ሴት እርፍ አትጨብጥም በሚባልበት አገር በሬ ብትከራይ እንኳ አራሽ ያስፈልጋታል። አዋጁ መሬት ማከራየትን ቢከለክልም፣ መሬቷን ለባለበሬ የእኩል ከመስጠት ሌላ ምርጫ አልነበራትም። ከ1967 በፊት ጭሰኛው ለባለመሬቱ ይሰፍረው የነበረውን እኩሌታ፣ ከአዋጁ በኋላ እሷ ባለመሬት ሆና ለባለበሬው ሰፈረች።