የላየንስ ክለብ የክብር ጠረጴዛ አቀማመጥ

የክብር ጠረጴዛ አቀማመጥ በላየንስ ክለብ ስብሰባዎችና የእራት ግብዣዎች ላይ ከተሰብሳቢው ፊት ለፊት ማን የት እንደሚቀመጥ የሚወስን ሥርዓት ነው። ላየንስ ክለብ በ1917 እ.ኤ.አ. በሜልቪን ጆንስ አነሳሽነት በአሜሪካ የተመሠረተ ዓለም አቀፍ የበጎ አድራጎት ማኅበር ነው።

ስብሰባውን የሚመራው ሰው መሃል ላይ ይቀመጣል። የዕለቱ ዋና ተናጋሪ፣ የክለቡ አባል ባይሆንም እንኳ፣ ከመሪው በስተቀኝ ይቀመጣል። ሌሎቹ እንደ ማዕረጋቸው በግራና በቀኝ ይደረደራሉ፤ ከፍተኛ ማዕረግ ያለው ወደ መሃሉ ይቀርባል። የንግግር አትሮኖስ መሃል ላይ ከቆመ፣ መሪውና ዋናው ተናጋሪ ከአትሮኖሱ ግራና ቀኝ ይሆናሉ።

እንግዶችን የማስተዋወቁ ቅደም ተከተል ግን የተለየ ነው። መጀመሪያ የስብሰባው መሪ፣ ቀጥሎ ዝቅተኛ ማዕረግ ያለው፣ በመጨረሻም ከፍተኛው ይተዋወቃል።

ቅድሚያ የሚሰጠው ለኃላፊነቱ እንጂ ለግለሰቡ አይደለም። ለምሳሌ የአንድ አካባቢ ክለቦችን የሚመራው የዲስትሪክት ገዥ የሚያገለግለው ለ1 ዓመት ነው። በሥራ ላይ እያለ ከቀድሞ ገዥዎች ይቀድማል፤ ዘመኑ ሲያበቃ ቦታውን ለተተኪው ይለቃል። አዘጋጆች በዕድሜ፣ በሀብት ወይም በወዳጅነት ከማበላለጥ የሚድኑትም በዚሁ ሥርዓት ነው።