ከጭቃ በሬ እስከ ኦ ክፍል

የሕፃን እጅ የመጀመሪያ መምህሩ ክረምት ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። እንደ ከላላ ባሉ የወሎ ደጋዎች ሰኔ ገብቶ መሬቱ ሲርስ፣ ሕፃናት ጥማድ በሬ ከነቀንበሩ በጭቃ ያበጃሉ። ነሐሴ 13 ለሚውለው ቡሄ ታላላቆቻቸው ጅራፍ ሲገምዱ ልጡን ይይዛሉ፤ ለታኅሣሥ 29 የገና ጨዋታም ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ ሲጠረብ አጠገብ ቆመው ይማራሉ። የጭቃው በሬ ሃይማኖት አይለይም፤ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ልጅ በአንድ ደጃፍ ይጠምደዋል። መጫወቻው የእርሻና የእረኝነት ሥራ ታናሽ አምሳያ ነውና፣ እጅ ከፊደል በፊት ሥራን ያነብባል።

በ1892 ዓ.ም. ገደማ በድሬዳዋ ለፈረንሳውያን የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች ልጆች የተከፈተው አፀደ ሕፃናት ግን የሌላ አገር ልማድ ነበር። ተቋሙ በከተሞቻችን ሲስፋፋ፣ ባለ ቀለም ወረቀት፣ መቀስና ሙጫ የሕፃናት የእጅ ሥራ መታወቂያ ሆኑ። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የቅድመ መደበኛ ትምህርት ማዕቀፍ ኦ ክፍልን በመንግሥት ትምህርት ቤቶች አስገብቶ ለገጠሩ ሕፃን በር ከፈተ። ይህ ክፍል ወረቀትና ሙጫ ቢያጣ መሣሪያ የለውም ማለት አይደለም፤ ጭቃው ከደጃፉ፣ ልጡ ከጓሮው አለ። እንግዲህ ጭቃ ይዞ የገባውን ልጅ «ታጠብ» ከማለታችን በፊት፣ «ምን ሠራህ?» ብለን እንጠይቀው።